የጋሽ ምላጭ ሳል

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ለሐኪሙ፣

ሰላምታዬ አገር አቋርጦ አንተንም ባለቤትህንም ትንሿንም በደህና ያግኛችሁ። ፈጣሪ እጅህን ይባርክልን፤ የዳሰስከው ሁሉ ይዳንልህ።

እኛ ደህና ነን እንዳልልህ፣ ይህን ስጽፍ አባባ እያሳለ ነው። እንደምታውቀው በእኔ ክፍልና በፀጉር ቤቱ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ እሱ ማዶ ሰው ይላጫል፤ ሳሉ ሲነሳበት የእኔም የስፌት መኪና አብሮ ይቆማል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንዳለ አባባ ፊት ላይ አነጠሰበት። አባባ "ይማርህ" ብሎ መላጨቱን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ አፍንጫው እንደተበሳ ቧንቧ ይፈስ ጀመር፣ ጉሮሮውን ከረከረው። "ጉንፋን ነው፤ በእግሩ መጥቷል፣ በእግሩ ይሄዳል" አለ። አልሄደም። ወደ ደረት ወረደ። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ አሁን አክታ አለው፣ ይቅርታ አድርግልኝና ቢጫ ነው፣ አንዳንዴም አረንጓዴ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ድመት የተኛች ይመስል ሲር ሲር ይላል። ግንባሩን ስነካው ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ከሳሉ ብዛት "ጎድኔን በዱላ የደበደቡኝ ያህል ነው" ይላል።

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አንቲባዮቲክ ካልወሰዱ አይለቃቸውም አለኝ። አባባ ግን "ሐኪም አስተምሬ ከሰፈር ኪኒን አልገዛም" ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ ከእዚያ ከደህናው ላክልን። ጠንከር ያለውን።

እሱም ሰላም ብሎሃል። "ኪኒኑን ተይው፤ ራሱ መጥቶ ጆሮውን ጀርባዬ ላይ ይለጥፍ በይው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳል ሆኖ ቀረ።

እህትህ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበታችሁ? አምላክ ጤናውን ያብዛላችሁ። ደብዳቤሽን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ። የገለጽሽልኝ ነገር ብሮንካይተስ የምንለው ነው፤ ድንገተኛው ዓይነት። አየር ወደ ሳንባ የሚያስገቡት ቧንቧዎች ተቆጥተው ያብጣሉ፣ አክታ ያመነጫሉ፤ ሲር ሲር የሚለውም ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ያመጣው ያው ቫይረስ ነው ወርዶ እዚያ የሚሠራው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካውም። ስለዚህ አልልክም። ያለ ቦታው የተወሰደ እንደሆነ ሆድ ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም፤ በእውነት በሚያስፈልግ ቀን ደግሞ አልሠራም ይላል። የአክታው ቀለምም አያስደንግጥሽ። ቢጫ ሆነ አረንጓዴ፣ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ይረፍ። ውኃ፣ ሻይ፣ ሾርባ፣ ትኩስ ነገር በብዛት ይጠጣ፤ አክታውን ያቀጥንለታል። ማር በሙቅ ውኃ ለሳሉ ጥሩ ነው። ሲያተኩሰውና ጎድኑን ሲያመው ፓራሲታሞል ይውሰድ፣ ከታዘዘው መጠን ግን አይለፍ። ሲጋራ የሚያጨስ ደንበኛ ውጭ ይጠብቅ። ያን አንገት ላይ የሚነሰንሰውን ፓውደርም ለጊዜው ይተወው፤ እሱ ራሱ ያስላል።

ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ቶሎ አልለቀቀም ብለሽ አትሸበሪ። ነገር ግን ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ካንቀጠቀጠው፣ ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ወይም መቃዠት ከጀመረ ይህ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ለእኔ አትጻፊ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ከሦስት ሳምንት ካለፈም መታየት አለበት።

አብሮኝ የሚሠራ የራጅ ባለሙያ ለእረፍት ወደ እናንተ ይመጣል፤ የሙቀት መለኪያና ፓራሲታሞል ልኬበታለሁ።

መምጣቱን በተመለከተ፣ በዚህ ወቅት ሥራ ስለበዛ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ለአባባ አስረጂልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤትህን ሰላም ያድርገው።

ደብዳቤህ ደረሰ። የአንተን የሐኪም ጽሑፍ ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ፣ አባባ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አቁሞ አስነበበኝ፤ ደንበኞቹ ፎጣ አንገታቸው ላይ እንደሆነ እየሰሙ። "ቫይረስን አይነካውም" የሚለው ጋ ስደርስ "ድገሚው" አለኝ። ከዚያ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ "ልጄ እንዳለው ከሆነ ቫይረስ ነው" እያለ ዋለ። ያልከውን አንድም አላጓደለም። ማሩን ይጠጣል፣ ፓውደሩን ደብቆታል፣ ሲጋራ ይዞ የመጣውን ከበር ይመልሳል። ትኩሳቱ ጠፍቷል። ሲር ሲሩም ቀንሷል። ሳሉ ብቻ ቀረ።

ያ ሳል ግን ጉድ አደረገን። የመጋዘኑን ኃላፊ እየላጨ እያለ ድንገት ተነሳበት። ምላጩን ቶሎ አነሳ፤ ትንሽ ዘገየ። ከጆሮው ሥር ጫር አደረገው። ደሙ ብዙ አልነበረም፣ ግን ከነአረፋው ቀላ። ሰውየው ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ፎጣችንንም ይዞ ሄደ። አባባ በዚህ ሁሉ ዘመኑ የሰው ደም ያየው በዚያ ቀን ነው። ሰፈሩ ጋሽ ምላጭ ያለው እኮ እጁን አይቶ ነው።

ማታውኑ የኃላፊው ሚስት "ሽማግሌው ሳንባቸው ታሟል፤ ቲቢ ነው" ብላ አወራች። ወሬ ደግሞ ታውቃለህ፣ ሲሄድ ይወፍራል። ቅዳሜ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ የሚላጨው ዳቦ ጋጋሪ እንኳ በር ላይ ቆሞ "ዛሬ ፀጉሬ አልደረሰም" አለ። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል።

ስለዚህ ኪኒኑን ትተነዋል። "አባቴ ቲቢ የለበትም" የሚል ወረቀት ጽፈህ፣ የሆስፒታሉን ማኅተም መትተህ ላክልን። መስተዋቱ ላይ እንለጥፈዋለን።

የራጅ ባለሙያው ዕቃውን አድርሶናል፤ ይባረክ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሻይ ጠጥቶ ብዙ አጫወተን። ትንሿ ዋና እንደለመደች ነገረን። እሰይ።

እህትህ


ኅዳር 22

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ሰፈሩ ወሬ አዝኛለሁ።

ወረቀቱን ግን መጻፍ አልችልም። ያልመረመርኩትን ሰው "መርምሬዋለሁ፣ ነፃ ነው" ብዬ ማኅተም አልመታም። አባቴ ስለሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ በሙያዬ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው።

የሚሆነውን ልንገርሽ። ከሦስት ሳምንት አልፏል፤ እንግዲህ መታየት አለበት ብዬ ጽፌ ነበር። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አክታውን ይመርምሩ፣ ራጅ ይነሳ። እኔ እንደምገምተው ቧንቧዎቹ ገና አልበረዱም፤ በሽታው አልፎም ሳሉ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ግምት ግን ወረቀት አይሆንም። እውነተኛውን ወረቀት የሚሰጣችሁ ያየው ሐኪም ነው። ስታሳዩት ሰው ሁሉ ያምናል።

እስከዚያ ሲያስል አፉን በክንዱ ይሸፍን፣ መስኮቱ ይከፈት፣ እጁን ይታጠብ። የሚያስል ሰው ደግሞ ምላጭ አይይዝም። ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት እስክበርድ ነው። አልበረድኩም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመትም የሞላት አይመስለኝም። ሸሚዙን አስወልቃ ጀርባውን አንኳኳች፣ በማዳመጫው ከላይ እስከ ታች ሰማችው። "በረጅሙ ይተንፍሱ አባቴ። ጎበዝ። አሁንም" ትለዋለች። አክታው ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳ፤ ንጹሕ ነው። ብሮንካይተስ ነበር፣ አልፏል፣ ሳሉ ቀስ ብሎ ይተዋል አለች። ቃል በቃል የአንተን ደብዳቤ ያነበበች ትመስል ነበር። ስንወጣ አባባን "ምን አለችህ?" ብዬ ብጠይቀው "እጇ ይሞቃል" አለኝ።

ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ለጠፍነው። ሰው ሁሉ ያምናል ብለህ አልነበር? የመጋዘኑ ኃላፊ በበሩ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አየውና "ወረቀት ምን ችግር አለው፣ ይገዛል" ብሎ ሄደ። አባባ አሁን አያስልም ማለት ይቻላል፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ አንድ ሁለቴ። ግን የሚላጭ የለም። መቀሱን ይስላል፣ መስተዋቱን ይወለውላል፣ ከዚያ የደንበኛው ወንበር ላይ ራሱ ቁጭ ብሎ መንገዱን ያያል።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ከዚህ ሌላ አልጠይቅህም። ና። መድኃኒት አታምጣ፣ ማኅተም አታምጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ በሚውልበት ቅዳሜ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል፤ በሩ ተከፍቶ አባባ ይላጭህ። "ሐኪሙ ልጃቸው ጉሮሮውን ለአባቱ ምላጭ ሰጠ" ከተባለ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ የለም። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ይመጣል።

ፈቃድ የለም እንዳትለኝ። የራጅ ባለሙያው ክፋት የለበትም፤ አባባ "ልጄ እንዴት ነው?" ቢለው ነው "በጣም ደህና ነው፤ ከባሕር ዳርቻ እረፍቱ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ አምሮበት" ያለው። መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ደብዳቤዬ በደረሰህ ሰሞን ነው። አባባ ስኒውን እንደያዘ "ባሕር ለሳንባ ጥሩ ነው" አለ።

ሳላየው ማኅተም አልመታም ብለሃል። ሳታየው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም ማለት ግን ችለሃል። እኛስ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን።

እህትህ


ጥር 14

እታለም፣

አዎ፣ ባሕር ዳርቻ ሄጃለሁ። ሚስቴና ልጄ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት እረፍት ነበር።

አንቺም ባለፈው የመጣሁ ጊዜ የሆነውን አስታውሺ። ሌሊቱን ተጉዤ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አባባ በሩ ላይ ሰው አሰልፎ ጠበቀኝ። "ልጄ መጥቷል፣ ያማችሁ ኑ!" ብሎ በየደንበኛው ጆሮ ሲነግር ሰንብቷል። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር አስቀመጠልኝ፣ ራሱ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ያስገባል። የአንዱን ጉልበት፣ የሌላዋን ደረት፣ የሦስተኛውን ኩላሊት ሳይ ሰነበትኩ። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል "አንዲት አሮጊት ቀርተዋል፣ ከሩቅ ነው የመጡት" ይለኛል። ተመልሼ እስክሄድ ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ "ደከመህ ወይ ልጄ?" አላለኝም። አንቺም አላልሽም። ሻይ ያቀረብሽልኝ ለበሽተኞቹ ካቀረብሽ በኋላ ነው።

ቀኑን ሙሉ የሰው ሳል ስሰማ እውላለሁ። ወደ አባቴ ቤት የምመጣው ልጅ ልሆን እንጂ ሐኪም ልሆን አይደለም። አሁን ደግሞ የምትጠሩኝ ለማስታወቂያ ነው፤ በር ላይ እንደሚሰቀል ሰሌዳ ወንበር ላይ ልታስቀምጡኝ። አልመጣም።

ሳሉ ለቆት የለም እንዴ? ያልኩት አንድም ቀርቷል? ታዲያ ምን አጎደልኩ?

ይህንን ለአባባ አታንብቢለት።

ወንድምሽ


ጥር 28

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገባሁት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፉ የባሰ ነው። ቀድደሽ ጥለሽው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ። የካቲት ከማለቁ በፊት እደርሳለሁ። ጺሜን መላጨት ትቻለሁ፤ በሽተኞቼ እየሳቁብኝ ነው። አባባ የፈለገው ቅዳሜ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ይላጨኝ። በሽተኛም ካሰለፈ ይሰለፍ፣ አያለሁ።

ጀርባውንም እሰማዋለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 8

ወንድምዓለም፣

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውናል፤ የመጀመሪያው በጊዜው፣ ሁለተኛው ዘግይቶ።

አታንብቢለት ያልከኝን ለመደበቅ ሞክሬ ነበር። ፖስተኛው ፖስታውን የሰጠው ለራሱ ለአባባ ነው፤ ይዞልኝ መጣ። ከላይ ከላይ አነበብኩለት፤ ባሕሩን ዘለልኩ፣ ሰልፉን ዘለልኩ፣ "ሰላም ብሎሃል" ብዬ አጠፍኩት። "አንቺ እየዘለልሽ ስታነቢ ድምፅሽ ይቀጥናል" አለኝ። "ከላይ ጀምሪ።" ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ደከመህ ወይ ልጄ" የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ፤ አቁሚ ያለኝ መስሎኝ ቆምኩ። "ቀጥይ" አለኝ።

ምንም አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ለፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ አከራየው። "እስኪ ትንሽ እንታገሥ፣ ሰዉ ይመለሳል" አልኩት። "ሰው አይደለም የጠበቅሁት" አለኝ። ወንበሩን አንድ ልጅ እግር ፀጉር አስተካካይ ገዝቶ በጋሪ ጭኖት ሄደ። መስተዋቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ አሁን በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ የባልዲና የሳፋ መንኳኳት ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤህ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ እያለቀስኩ አነበብኩለት፤ ስለ ጺምህ ስትጽፍ ደግሞ ሳቅሁ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ "ወረቀት አምጪና የምልሽን ጻፊ" አለኝ። የምልክልህ ከዚህ በታች ያለውን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

"ይድረስ ለክቡር ዶክተር። በታዘዝኩት መሠረት ማሩን በሙቅ ውኃ ጠጥቻለሁ። አርፌአለሁ። ከሲጋራና ከፓውደር ርቄአለሁ። አንቲባዮቲክ አልወሰድኩም። ሳሉ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል፤ ያሉት ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ባለፈው ከመንገድ ሲገቡ ደክሞዎት እንደሆነ ሳልጠይቅዎት ቀርቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ በሬ ላይ የተሰለፈ ሰው የለም። ስለዚህ ለመምጣት አይድከሙ። እረፍትዎን ከቤተሰብዎ ጋር ይጨርሱ። ጺምዎን ከእዚያው ከሠለጠነው ቦታ ይላጩት።"

"አባባ፣ 'አንተ' ልበል 'እርስዎ'?" ብዬ ጠየቅሁት፤ የተሳሳተ መስሎኝ።

"እርስዎ" አለኝ። "ልጄን ጠርቼ የመጣልኝ ሐኪሙ ነው። ሐኪም አንተ አይባልም።"

ወንድሜ፣ እኔ ና እልህ ነበር። ብትመጣ ግን የት እንደማስቀምጥህ አላውቅም። ወንበር ስላጣሁ አይደለም፤ እሱ ለእንግዳ እንደሚነሳ ብድግ ብሎ ቢቀበልህ የማየው እኔ ነኝ፣ ያን ደግሞ አልችልም። የምትወስነው አንተ ነህ።

ከደብዳቤው ግርጌ እንደ ወጉ "አባትህ" ብዬ ጽፌ ነበር። አስደመሰሰኝ።

"ታካሚዎ በይ" አለኝ።